ውሃ ልክ

በጥር፣ ፓምፖች ሁሉ ጸጥ በሚሉበት፣
በምዕራብ ካንሳስ፣ ሜዳው እንደ ብራና በተወጠረበት፣
መንግሥት ይልከኛል ጉድጓድ እንድለካለት።
ትጥቄ ይኸው ነው፤
የብረት ሜትር፣ እርሳስ፣ የአናጢ ሰማያዊ ጠመኔ፤
መቶ አርባ ጉድጓድ፣ ሦስት ሳምንት፣ እኔ።

የሜትሩን ጫፍ ጠመኔ እቀባለሁ፤
አውራ ጣት በምታስገባ ቀዳዳ ቀስ ብዬ እሰዳለሁ።
ውሃ የነካው ይጠቁራል፣ ያልነካው እንዳለ ይቀራል፤
ከዚያ መቀነስ ነው፣ ልጅ እንኳ ይችለዋል።
ሁለቴ እለካለሁ። ካልተስማሙ፣ ሦስተኛ።
ጉድጓድ አይዋሽም፤
የሚዋሸው እጅ ነው፣
ብርድ ሲያደነዝዘው፣ ወይም ሲያዝን ለሰው።

ኤልደን ኮን ዘንድ የደረስኩ ሐሙስ ነው፣ ከቀትር በኋላ።
በሩ ላይ ቆሟል፤ ባርኔጣ የለውም፣ ጆሮው ቀልቷል።
"ከታች ምን ወሬ አለ?" አለኝ፣
ከመሬት ሆድ የመጣሁ ይመስል።

ካርዱ ከቢሮ አብሮኝ ይመጣል፤ ቢጫ፣ ጠርዙ የተበላ።
የመጀመሪያው መስመር በአባቱ ዘመን፦ ሰባ አንድ ጫማ።
ከግርጌው የዚያን ጊዜው ለኪ፣ በቀጭን ጽሕፈት፦
"ባለቤቱ ግማሽ ጫማ ቀንስልኝ አለኝ፤ ለባንክ ነው አለ።
አልቀነስኩም። እራት ግን አበላኝ።"

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ደረጃ ይወርዳል።
ሰማንያ ስምንት። መቶ አርባ። መቶ ሰባ ሦስት።
በቆሎው ሰው ሲውጥ፣ አዲስ ትራክተር ሲገዛ፣
ጃኔል ኮሌጅ ስትገባ፤
የትኛው ደስታ ስንት ጫማ እንደ ጠጣ
ካርዱ ያውቃል። ጠይቆት የሚያውቅ ግን የለም።

ሜትሩን ለቀቅሁት።
ሁለት መቶ። ሁለት መቶ አሥር። ሃያ።
ውሃ ሲነካ እጄ ላይ የምትመጣው ያቺ ትንሽ ንዝረት የለችም።
ጠቅልዬ አወጣሁት፤
ጠመኔው እንደ ቀባሁት ነው፣ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ፣
ደመና ያልጎበኘው የነሐሴ ሰማይ።

ኤልደን አጥሩን እያየ፣
"ቅዳሜ ገዢ ይመጣል" አለ።
"ሰኞ ብትጽፈውስ?"

ልመና አልነበረም፤ የጥፍር ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለው።
መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተነቃነቀ፤ ቬርና ናት፣ ከተሽከርካሪ ወንበሯ።
ሰበብ ፈለግሁ፣ ሰበብም አላጣሁ፦
ብርዱ፣ የሜትሩ መጣመም፣ የቧንቧው ዘይት፣ የምሽቱ መቅረብ።
አንዱም ውሃ አላነሳ።

ደግሜ ቀባሁ፣ ደግሜ ሰደድኩ።
ሁለቱ ተስማሙ።
በእርሳስ ጻፍኩ፦ ደረቅ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስሜን።
"ልክ ነው?" አለ።
"ልክ ነው" አልኩ።
ዞሮ ሄደ። እራት አላበላኝም።

ዘንድሮ ተመለስኩ።
የደረቀ ጉድጓድም ይለካል፣ ደንቡ ነው፤
አንዳንዴ አንድ ጣት ታህል ይመለሳል።
ብዙውን ጊዜ አይመለስም።
"ይሸጣል" የሚለው ሰሌዳ አጥሩ ላይ ነው፣ ነፋስ ፊደሉን ልጦታል።
ወሬውን ነዳጅ ማደያው ጋ ጃኔል ነግራኛለች፦
ያን ቅዳሜ፣ ገዢው ከመኪናው ሳይወርድ፣
አባቷ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣
"ደረቅ ነው" አለው። "ለግጦሽ ከሆነ፣ ውረድ።"
ሰውዬው አልወረደም።

ኤልደን በሩ ላይ ቆሟል፤ ዘንድሮ ባርኔጣ አድርጓል።
ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤
ከመሣሪያ መደብር የገዛው፣
ሰማያዊ ጠመኔ።
"ያንተው እንዳያልቅብህ" አለኝ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

እኔ ቀባሁ። ሜትሩን እሱ ለቀቀ፣
ጮክ ብሎ እየቆጠረ፦
ሁለት መቶ፣
ሁለት መቶ አሥር፣
አንዲት ቀዳዳ ላይ ሁለት ሰዎች፣ ጆሯችንን ጥለን።