ዘር ቆጣሪዋ

ኡሱን ዘር ትቆጥራለች፤ የሰው ዘር አይደለም፣
ከክንፋም ፍሬ በቀር በመዝገቧ የለም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ያለው ጫካ፣
የቦርንዮ ደን፣ አድብቶ ነው ለካ!
በአንድ ወር ዘረገፈው፤ ፍሬው እየሾረ
በጣራ፣ በጀልባ፣ በወንዙ ላይ አደረ።

መቶ ዘር መረጠች፣ ቀርከሃ ተከለች፣
ቀይ ጨርቅ አሰረች፣ ቁጥር ጻፈች፣ ሄደች።
ሌሊት አሳማ መጣ፣ ጢማሙ፣ ከነግልገሉ፤
ጠዋት ጭቃው ኮቴ ነው፣ ቅርፊት ብቻ ሁሉ።
ዘጠና ሰባት ባዶ! ኡሱን ተናደደች፣
«ይህ ሆዳም ደን ጨረሰ» ብላ አባቷ ዘንድ ሄደች።
ላዋይ መረብ ሲጠግን፣ ቀና ሳይል፣ ሰምቶ፣
«ሦስቱስ?» አላት ብቻ፣ ክሩን በጥርስ ጎትቶ።

ዓመታት አለፉና ደኑ ዳግም ሲያፈራ
አሳማውን በሽታ ፈጅቶታል በተራ።
መቶ ቀርከሃ ሰካች፤ ዘጠና አምስቱ በቀለ፤
«እሰይ!» አለች፤ ያ ቀን ደስ እንዳላት ዋለ።

ከዚያ ግን
እግር በእግር ላይ፣ ትከሻ በትከሻ፣
የአንድ እናት ልጆች ታፍገው አጡ መሸሻ፤
ሌላ ዘር አናስገባም ብለው ተናነቁ፤
ቢጫ ሆነው ከሰሙ፣ ከእናት ጥላ ሳይርቁ።

ከቀድሞዎቹ ሦስት አንዷ፣ አሳማው ጭቃ ውስጥ የረገጣት፣
ዛሬ ኡሱንን በቁመት በልጣ ጥላ ሰጠቻት።
እዚያው ሥር ተቀምጣ መዝገቧን ገለጠች፤
«አጥፊ» ብላ የጻፈችበትን ዓምድ ሰረዘች፤
በምትኩ ምን ልበለው ብላ
እርሳሷን ነከሰች።