መጋቢት ስድስት

ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተማርኩኝ፤
ሮምን በጠመኔ ስንት ጊዜ ሣልኩኝ፣
ምክር ቤቱን በክብ፣ በሩን በሁለት መስመር፣
ጩቤውን ከነጩ ከኩታው እጥፋት ሥር።
«ቁስሉ ሃያ ሦስት ነው፤ ጻፉት፣ ለፈተና ይመጣል፤
ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት ስድስት ይውላል።»
ከኋላ ወንበር አንዱ፦ «ቲቸር፣ እሁድ ነበር?»
ክፍሉ ይስቅ ነበር።

የኛው ግን እሁድ ነው።

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ኮንዶሚኒየሙ ከጤፍ ማሳ ሲዋሰን፣
ቧንቧው በሳምንቱ ሐሙስ ብቻ ሲነቃ፣
ዕጣ ነው ያመጣን፣ ዕጣ ያደረሰን።
የመጀመሪያው ሟች ከአራተኛ ፎቅ ሲወርድ፣
ሣጥኑ ደረጃው ማጠፊያ ላይ ሲያስቸግር፣
ከታች ትከሻውን የሰጠ እንደ ግንድ
ጋሽ ጥላዬ ነበር።

እድሩን ያቆመ እሱ፤ ድንኳኑን በአይሱዙ ያመጣ፣
ለስድሳ የብረት ወንበር ከበያጁ ጋር የተቆጣ፣
ማህተሟን በመሐረብ ቋጥሮ ደረት ኪሱ የሚያሳድር፣
ሰው ሲሞት ቀድሞ ደራሽ፣ ሲመሰገን የሚያፍር።
ቁጡም ነው። መዋጮ ያሳለፈን
በጉባኤ፣ በሙሉ ስሙ ይጠራል።
አንዴ እኔንም ጠርቶኛል።

በላቸው ዘግይቶ መጣ። ሲያወራ ድምፁ አይጎላም፤
ክንዴን ይዞ እስከ ታክሲው ይሸኘኛል፣ አይቸኩልም።
«ጥላዬን ማን ይጠላል? እኔም እወደዋለሁ፤
ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ እጅ፣ አንድ ማህተም አያለሁ።
ለአዳራሽ የተሰጠን መሬት ዝም ብሎ ሣር ያበቅላል፤
ነገ ልጁ ቢረከበው እድር ነው ወይ ርስት ይባላል?
ለራሴ አይደለም…» ይላል። (ለራሱ ያልሆነ ነገር
በእጁ ሲያልፍ አላየሁም፤ ያኔ ግን አላይም ነበር።)
«አንተ የተማርክ ሰው፣ ያላንተ ማን ያምነናል?
ጸሐፊው አንተ ነህ።»
ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር
ክራባቱን አስሮ ተቀመጠ።

መጋቢት ስድስት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ያልተለሰነ ሱቅ ውስጥ፣
እጅ ወጣ። ሃያ ሁለት። በላቸው ወደ እኔ ሲያፈጥጥ
ሃያ ሦስተኛው ወጣ።
ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል
ቁጥሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋሽ ጥላዬ መሐረቡን ፈታ፤
ማህተሟን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣
ጠርዟ ላይ የቀረውን ቀለም በአውራ ጣቱ ጠረገ፤
ሲወጣ አጠገቤ ቆም አለና፦
«እጅህን አውርድ እንጂ፣ ይደክምሃል።»

በነሐሴ ሞተ። ስኳር ነው፣ አሉ።
ድንኳኑ እሱ የገዛው፣ ወንበሮቹ እሱ ያስበየዳቸው፤
የሕይወት ታሪኩን ቆሞ፣ እንባውን እየጠረገ ያነበበው በላቸው።
ማልቀስ ያውቅበታል፤ እናቶች አብረውት አነቡ።
የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፣ ጸሐፊ ነኝና፤
«በገዛ ፈቃዱ ኃላፊነቱን አስረከበ» የሚለውን
ሦስት ጊዜ ሰርዤ
አራተኛውን በማህተም አጸናሁ።
የአዳራሹ ቦታ ቆርቆሮ ታጥሮበታል፤
ብሎኬት ይመረትበታል፤
የማን እንደሆነ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይጠይቅም።

ሮም ሩቅ ናት እል ነበር፤
ባሕር ማዶ፣ ሁለት ሺህ ዓመት ማዶ።

ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል።
ጥላዬን በገዛ እጄ አውርጄ
በጥላዬ ተጠልያለሁ።
ከወንበሮቹ መሃል አንድ ጎልማሳ ያየኛል፤
የድሮ ተማሪዬ ይመስለኛል፣
ያ ከኋላ የሚቀመጠው።
እጄን ኪሴ ከተትኩት።
ወርዶም ይደክመኛል።