የመንሸራተት ልክ

ዝናብ ነው ይሉኛል፣ ጣራው ሲንኳኳ፤
እኔ ግን የማውቀው፣ መስኮቱን ስነካ።
ጆሮዬን ትኩሳት፣ በሦስት ዓመቴ ዘጋው፤
ከዚያ ወዲህ ድምፅን፣ መዳፌ ነው 'ሚያወጋው።

ዶኒጎል ነው ያለን፣ ከባሕሩ ጥግ፤
መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ግራ ቀኙ በግ።
ቅዳሜ ሲመሽ፣ ወጣቱ ተሰብስቦ፣
መስቀለኛው ላይ ጎማ ያጨሳል፣ በክብ ላይ ክብ ደርቦ።

ፊንታንም አንዱ ነበር፤ ዛሬ አውስትራሊያ ገብቷል፤
የቧንቧ ቦይ ሲቆፍር፣ ፀሐይ አፍንጫውን ልጦታል።
ወንድሜ ኮሮላውን ሸጦ፣ ትኬቱን ቆረጠ፤
የጨዋታው ኮሮላ ግን፣ ማን ይግዛው? እዚሁ ተቀመጠ።

ያው ቀዩ ኮሮላ፣ ያው የተላጠው በር፤
ለማስመሰል ብሎ፣ ሌሊት ሲቀባው ያድር ነበር።
ቅንብሩን ግን ትቶት፣ ሄዷል በእንጥልጥል፤
ኩርባ ላይ ስጥለው፣ ዞሮ የመጣበትን ያያል እንደ ቂል።

አየር ጨመርኩለት፣ ለኋላ ጎማው፤
ባሰበት። ቀነስኩ። አሁን ደግሞ መንገዱን ሙጭጭ አለው።
የፊት ጎማዎቹን፣ ወደ ውስጥ አጋደልኩ፤
ወለምታ የያዘው፣ ቁርጭምጭሚት አስመሰልኩ።
ዲፈረንሻሉን ቆልፌ፣ የኋላዎቹን አጠመድኩ፤
አንዱ ሲጎትት አንዱ እንዳይሰንፍ፣ በአንድ ቀንበር አስገደድኩ።

ሌላው ሰው በጆሮው ነው፣ ጎማ ሲጮህ የሚያውቀው፤
እኔ ግን ጆይስቲኩ፣ ጣቴን ሲያንዘፈዝፈው።
ደቃቅ ንዝረት ሲሆን፣ ገና መንገዱን ጨብጧል፤
ሲሻክር እንደ ድመት ምላስ፣ ያኔ ለቋል፤
ድንገት ጭር ካለ፣ አጥሩን ጥሶ ወጥቷል።

አርባ ሦስት ጊዜ አጥሩን አፈረስኩ።
አርባ ሦስት ጊዜ አጥሩ ራሱን ጠገነ።

የኋላውን ሞላ አላላሁ፣
መሪው የሚታጠፍበትን ልክ ሰፋ አደረግሁ፣
አንድ ነጥብ፣ ደግሞ አንድ፣ ደግሞ ግማሽ።
ኩርባው መጣ። የእጅ ፍሬን። ጎኑ ተጋደመ፤
ኋላው ፊቱን ሊቀድም ሲል፣ መሪው ተሟግቶ ቆመ።
ወደ ባሕሩ እያየ፣ ወደ ተራራው ሄደ፣
እንደ ሸርጣን በጎን፣ መንገዱን ወደደ።
ሻካራው ሳይበጠስ፣ እንደ ክር ተፈተለ፤
ከኩርባ ወደ ኩርባ፣ መዳፌ ላይ ቀጠለ።

ቀና ስል አባቴ፣ በሩ ላይ ቆሟል በካልሲ፤
በእጁ «ሰባት ሰዓት ሆነ» አለኝ፣ «ነገ ትምህርት አለሽ፣ ተነሺ»።
ተነሣሁ። እሱ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣
ጣቱን በአየር ላይ በጎን አንሸራተተና
«ያቺን ኩርባ ድገሚያት» አለኝ።

ጨዋታው ጠየቀኝ፦ በአሮጌው ላይ ይጻፍ?
የፊንታንን አልደመሰስኩም፤ እዚያው እየዞረ ይረፍ።
የኔን ከጎኑ አኖርኩ፤ ስም አላወጣሁለትም፣
ቁጥሮቹን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፣ እዚያ ነግቷል፣ አይተኛም።

መልሱ ቶሎ መጣ፣ ሰላምታም የለው፦
«ኤትና፣ መሪው በዝቷል።»

ነገ አንድ ነጥብ እቀንሳለሁ።
ወይም አልቀንስም።