ቁጥር የሌለው ልብስ

አጅማን፣ ከዓሣ ገበያው ማዶ፣ ጠባቧ ላውንደሪ ውስጥ፣
በእንፋሎት ተከድኜ፣ ደጁ በፀሐይ ሲቀልጥ፣
የሰው ልብስ እተኩሳለሁ።

ነጭ ከንዱራ፣ ጥቁር አባያ፣ የሆቴል አንሶላ፣ የሾፌር ሸሚዝ፤
እያንዳንዱ አንገቱ ሥር ቁጥር አለው፤
ቁጥር ያለው ባለቤት አለው።

ስሜ የሻረግ ነው። ለአለቃዬ ምላስ ረዘመና
«ሻሪ» አለኝ። ኋላ ብጠይቅ፣ በዐረብኛ ጎዳና።
ሳቅሁ። እውነትም ጎዳና፤
ሁሉ የሚረማመድብኝ፣ አንዱም «ወዴት ነሽ?» የማይለኝ።

ማክሰኞ ማታ ወንድሜ ከመርሳ ደወለ፤
«ባጃጁ ተገኘ፣ የጎደለው ያንቺ ብቻ ነው» አለ።
«እሺ» አፌ ላይ ነበረች፤ ይህች ቃል ሁሌ ትቀድመኛለች፣
ሳላስብ ደጅ ወጥታ እንግዳ ትቀበላለች።
ያን ማታ ግን ዋጥኳት።
«ላስብበት» አልኩ።
መስመሩ ዝም አለ። የገዛ ድምፄን ፈራሁት።

ማሽኖቹ ሲቆሙ፣ ሱኒታም ስትተኛ፣
ባለቤት ያልመጣለት ልብስ ከሚከማችበት ቅርጫት አጠገብ
ተቀምጬ ራሴን ገለበጥኩ፣
ከመታጠቡ በፊት እንደሚፈተሽ ኪስ።

«ሴት ድምፅዋ ከደጅ አይሰማም»፦ የአባቴ፤ ቁጥሩ አልደበዘዘም።
«ሰጥቶ የደኸየ የለም»፦ የእናቴ፤ ብዙ ታጥቧል፣ ግን አልሳሳም።
«ቻይው»፦ ይሄስ የማን ነው? ቀለሙ ለቅቋል፤
ወይ የኔ ነው፣ ወይ ከፍርሃት ተውሼው ሳልመልስ ቀርቷል።
ይሉኝታን ግን ስፌቱን ፈልጌ አጣሁት፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆዳዬ ነው ብዬ ለበስኩት።

ልጥለው ነበር። ሁሉንም። በአንድ ከረጢት አስሬ፣
«የሰው ነው» ብዬ፣ ዕርቃኔን ልቆም ደፍሬ።
ግን ይህ የሚፈትሽ እጅስ ከየት መጣ?
አባቴ ትዝ አለኝ፣ በገበያ ቀን፣ ጤፍ ሊገዛ ሲወጣ፤
የላዩን አያምንም፤ እጁን እስከ ክርኑ ሰድዶ
ከጆንያው ሥር ይዘግናል፣ ነጋዴው እያጉረመረመ።
ድምፄን የነሳኝ ሰው ነው
መጠራጠርን ያወረሰኝ። ይሄን ከየትኛው ልመድበው?

ዓርብ ደወልኩ።
«ለባጃጁ አልሰጥም። ለእናታችን ጉልበት መድኃኒት
በየወሩ እልካለሁ፤ ስለምወዳት ነው፣
ስለምትሉኝ አይደለም።»
«ተለውጠሻል» አለ።
«እንጃ፤ ገና እያየሁ ነው።»
ዘጋው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ አልዋሽም።

ቅዳሜ፣ ሸሚዜ ከሰው ልብስ እንዳይቀላቀል፣
በማይለቀው ቀለም አንገቱ ሥር ስሜን ልጽፍ ስል፣
«የ» ብዬ ቆምኩ።
የማን?
የሺ ሐረግ ብለው ነው ያወጡልኝ፤
ገና ስወለድ ከሺህ ሰው ጋር አስረው።
ቀለሙ ጨርቁ ላይ ይሰፋል፤ እጄ እዚያው ነው።
አለቃዬ ከፊት «ሻሪ!» ይላል፤
ሦስት መቶ ስድስት ልብሱን ሊወስድ መጥቷል።