ፖስታ ውስጥ የመጣች

ሚስተር ታማንግ ነበር፣ ባዮሎጂ ያስተማረን፣
የደብረ ብርሃን ብርድ እኛን ሲያንዘፈዝፈን
ኮቱን ወለል አርጎ በበሬሳ ዳር ሲሄድ፣
«አገሬ ሸተተኝ» የሚል፣ ውርጭ የሚወድ።

በሄደ በስንት ዓመቱ አንድ ፖስታ መጣ።
ፎቶ መስሎኝ ከፈትኩት፤ ጥቁር ፍሬ ወጣ፣
ከጤፍ የምታንስ፣ ትንፋሽ የሚበትናት።
«በሂማልያ ገደል፣ እረኛ ሳይነካት
መንፈቅ ትተኛለች በረዶ ተጭኗት።
ብርድ ካልመታት አትነቃም። እንዳትራራላት።»

እንዳትራራላት!
ያ ባቄላችንን በአንድ ሌሊት የሚያከስል፣
የላቀውን ማሳ ጥላሸት የሚያስመስል፣
ያ ውርጭ፣ ያ ሌባ፣ ለሷ ሞግዚት ሊሆን?
ሣቅሁ። ግን በባልዲ፣ ከቤቱ በስተሰሜን፣
በበግ በጠጥ፣ ባፈር፣ አልጋ ሠራሁላት፤
ኅዳርን ደጅ ተውኳት።

ሸዋረጋ ባጥሩ አንገቷን አሻግራ፦
«ጎመን ናት? መድኃኒት ናት? ኧረ ምን ልታፈራ?»
አበባ ናት ቢሉ እብደት ይመስላል፤
ጥቅም ለሚጠይቅ ዝምታ ይሻላል።

በሚያዝያ ወጣች፤ ጠጉር የለበሰች፣
እንደ እንቦሳ ጆሮ ለስልሳ በቀለች።
ሁለት ዓመት ቅጠል።
ሦስተኛው ክረምት ላይ፣ ጉም ጣራ ተጣብቆ፣
ሰማይ የሚሉት ነገር ካገራችን ርቆ፣
አንድ ጠዋት ወጣሁ፤ ባልዲው ዘንድ ደረስኩኝ፤
ጠፍቶ የከረመውን ሰማይ አገኘሁኝ፣
አራት ቅጠል ሆኖ፣ መሐሉ ቢጫ ዱቄት፣
ጤዛ ተሸክሞ፣ አቀርቅሮ መሬት።

ሸዋረጋን ጠራሁ፤ መጣች በጋቢዋ፣
ዝናብ ሲወርድባት በራስ በትከሻዋ።
ስለ ጎመን ነገር አልወጣትም ከቶ፤
«ይሄ ቀለም...» አለች፤ የቀረው ቀረ ጠፍቶ።

ፍሬዋ ሲደርቅ ጓሳ ድረስ ወጣሁ፣
ልበትነው ብዬ።
ጅብራው ቆሟል ብቻውን፤ አሸንዳው ቀልቷል፤
ሣሩ በነፋሱ ይተኛል፣ ይነሣል።
ባልዲ የለ፣ በጠጥ የለ፣ ጠያቂም የለች፤
ሁሉም በየቦታው፤ ምድሪቱ ሞልታለች።
እጄን ዘርግቼ ነበር፤ መልሼ ጨበጥኩ።
እንግዳ ያለ ጥሪ አይላክም፤ ይዤው ወረድኩ።

ግማሹን ላኩለት በድሮው አድራሻ።
መልስ የለም እስካሁን። የቀረችው ድርሻ
ሸዋረጋ ጋ ናት፣ በተሸረፈ ድስት።
ጥቅምት ገብቷል አሁን። ሲጠራ ሌሊት፣
ባሏ ስለ ባቄላው ሰማዩን ይለምናል፤
«ዘንድሮስ ማረን፣ ውርጩን መልስ» ይላል።
እሷ ከጀርባው ቆማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«ትንሽ ብቻ» ትላለች፣ «እኔ ጓሮ ብቻ... እስኪነጋ።»