ወደ ላይ መስጠት

የምሳ ደወል ሲደወል፣ የስፌት መኪናው ዝም ሲል፣
ማልሱክ ከአራተኛው መስመር፣ ከዚፑ ክምር ጀርባ
ደብተሯን ታቅፋ መጣች።
«ፖጂያ» አለችኝ። ፎዚያ ማለቷ ነው፤
ፈ የምትባለዋ ፊደል ምላሷ ላይ ወንበር የላትም።

«ጊብ ገብቶኛል፣ መስጠት ነው»፤
ቦቢን አንስታ መዳፌ ላይ አኖረች።
«አፕም ገብቶኛል»፤ የቆርቆሮውን ጣሪያ አሳየች።
«ጊብ አፕ ግን ለማን ነው?
ላይ ቆሞ የሚቀበል ማነው?»

የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬን
እንደ ተወታተበ ክር ጎተትኩት፤ ጭራሽ ጠበቀ።
ለኮምቦልቻ ሰው ላይ ማለት ደሴ ነው፤
ሚኒባሱ ሐረጎን እያቃሰተ፣
ጆሮ እየደፈነ የሚወጣበት የብርድ አገር።
«ለደሴዎች ይሆናላ» አልኳት።
ጻፈችው!
ሳቄ ሲያመልጠኝ ቀና ብላ አየችኝ፣
በላጲስ አጠፋችው።

አፈርኩና ቁም ነገሩን ጀመርኩ፦
«እኛ ስንሸነፍ እጅ ነው የምንሰጥ።»
እጇን አየችው፣
መርፌ ሁለቴ የበሳውን አውራ ጣቷን።
«እጅ ከሰጡ በኋላ በምን ይሰፋል?»
«ካልሆነም ተስፋ እንቆርጣለን» አልኳት።
መቁረጥን ታውቃለች፤ ቆራጭ ክፍል ሁለት ዓመት ሠርታለች።
«ተስፋ በስንት ሜትር?»
ቀልድ ይሁን ትምህርት ከፊቷ አይለይም።

ሲጨንቀኝ ሁለት መዳፌን ዘረጋሁ፣
ባዶውን፣ ወደ ላይ፣
እናቴ ለዱዓ እንደምትዘረጋው።
«ይሄ ነው መሸነፍ?»
«ኧረ ይሄስ መለመን ነው።»
«እጁ ግን አንድ ነው» አለች።
ደወሉ ጮኸ።

ግንቦት ላይ ትእዛዝ ቀረ።
በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንግሊዝኛ ነበር፤
እኛ ማኅተሙን አየን፣ እሷ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።
ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።
ያችው ናት።
ደብተሯን አላወጣችም።

በሳምንቱ ገበያ አገኘኋት፣
ጥቅል ጎመን በክንዷ እየመዘነች፣
ቂጡን በአውራ ጣቷ እየተጫነች፦
«ሃን ፖጊ፣ ዱ ፖጊ፣ ሴ ፖጊ…»
ፖጊ በኛ ጊብ አፕ ነው አለችኝ፤
ደግሞም የጎመን መቁጠሪያ፣ አንድ ራስ፣ ሁለት ራስ እንደምትሉት።
«እናቴ ያንኛውን አታውቅም ነበር።
ጎመኑን ብቻ ነው የቆጠረችው።»

ስምንት ራስ ገዛች። አምስቱን እኔ ተሸከምኩ።
የቦርከናን ድልድይ እስክንሻገር ድረስ
ጨው ስንት ኪሎ እንደሚበቃ ስንከራከር ነበር፤
እኔ ሁለት አልኩ፣
እሷ ሦስት።