ሁለት እርምጃ

ነሐሴ ሲገባ፣ ፍልሰታ ተጹሞ፣
ካሜራዬ ሥራ ፈታ፣ መሳቢያ ውስጥ ተጋድሞ።
ሰርግ የለ፣ ቬሎ የለ፣ የመኪና አጃቢ የለ፤
ሽምብጥ ያለው ስቱዲዮዬ ተከፍቶ ዋለ።
እንድሪስ ነው የነገረኝ፣ ደንገል ቆርጦ ሲመለስ፦
«ቬሎ ካማረህማ፣ ና እስከ ባንባው እንድረስ።»

ከታንኳው ኋላ ተቀምጬ፣ ሌንሴን በፌስታል ጠቅልዬ፣
ውሃው በደንገሉ መሐል ሱሪዬን ሲያርሰው ችዬ፣
ደረስን።
ዛፉ ኖራ የተቀባ መሰለኝ፤ ቅጠሉ ሁሉ ኩስ፤
ሽታው ገና ከሩቅ ዓይን የሚያስለቅስ፤
ጫጫታው ሌሊቱን ሙሉ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንዳደረ ሽማግሌ።
ነጭ ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ያስተማረኝ ማነው?

ሳቢሳዋን ያን ጊዜ አየኋት።
ከጀርባዋ የሚወርደው ላባ፣ እንደ ሻሽ የሳሳ፣
ነፋስ በነካው ቁጥር የሚወድቅ፣ የሚነሣ።
ባሏ ጭራሮ ይዞ መጣ፤ አንድ ብቻ።
ጥሎሽ መሆኑ ነው።
ተቀበለችው፣ ሰካችው፣ ነቀለችው፣ ደግማ ሰካችው፣
ምንም እንደማይጥማት አማት።

እኔ የለመደብኝ ማዘዝ ነው፦
«ቀና በይ። ጠጋ በይው። እጅሽ ትከሻው ላይ።»
እዚህ ማን ይሰማኛል? አንዷም እኔን አታይ።
«አልታየኝም» አልኩት እንድሪስን፣ «ሁለት እርምጃ ያህል።»
ሽመሉን አላነሣም። «ቢቀርስ» አለ።
«ሁለት ብቻ።»

ጠጋን።
ነጩ ሁሉ ባንዴ ተነሣ፤ ዛፉ ራሱ የበረረ መሰለኝ፤
ጣቴ ሳይጠይቀኝ ይጫናል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ደስ አለኝ።
ቁራ መጣ።
አልተቻኮለም፤ ገበያ እንደ ወረደ ሰው መረጠ፣
ማለዳ ጣናን የመሰለውን እንቁላል ጎጆው ጫፍ ላይ ሰብሮ ዋጠ።
እንድሪስ ምንም አላለኝ። ከታንኳው ውሃ ይጨልፋል፣ በቆርቆሮ።

ተመለሰች። ቆመች። አንገቷን ወደ ጎጆው ሰበረች።
ቆጠረች እንዳልል ወፍ ናት፤
አልቆጠረችም እንዳልል አየኋት።

ፎቶው ግን አማረ። እውነቱን ልናገር፤
በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ብርሃን አላነሣሁም ነበር።
አሳጥቤዋለሁ። መሳቢያው ውስጥ ነው፣ በፊቱ ተደፍቶ።

ጥር መጣ፤ ሰርጉ በሰርግ ላይ ተደረበ።
ሐይቁ ዳር የሙሽራዋ አክስት ጮኸችብኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል?
ጠጋ ብለህ አንሳት እንጂ፤ ከአጥሩ ተለጥፈሃል!»
«ይታየኛል» አልኳት፣ «ከዚህ ይታየኛል።»
የጣና ነፋስ ቬሎውን ነካው።
እስኪረግብ ጠበቅኩ።